ለጀማሪ ካሜራ፦ አዲስ 4000ዲ ይሻላል ወይስ ዩዝድ 700ዲ?

የመሐል ሜዳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። መሐል ሜዳ ላይ የክርስትና፣ የልደትና የምረቃ ፎቶ ማንሳት ልጀምር ነው። እስካሁን በስልክ ነበር የማነሳው፤ ካሜራ ይዤ አላውቅም። በጀቴ ጠበብ ያለ ስለሆነ ሦስት ነገር ላይ ቆሜያለሁ። አንደኛው ካኖን 4000ዲ ከነ18-55 ሌንሱ፣ አዲስ በካርቶኑ። ሁለተኛው ዩዝድ ካኖን 700ዲ፣ እሱም ከ18-55 ጋር፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም በግማሽ የሚረክስ፣ «48 ሜጋፒክስል፣ 4ኬ፣ 16 እጥፍ ዙም» የተጻፈበት ትንሽ ካሜራ። ቁጥሩን ሳየው ሦስተኛው የሚበልጥ ይመስላል፣ ዋጋውን ሳየው ግን እጠረጥራለሁ። ሲመቸኝ ጓሳ ወጥቼ ጭላዳ ማንሳትም እፈልጋለሁ። ቪዲዮ ለጊዜው ብዙም አያሳስበኝም። የቱን ልያዝ?

ጠባሴ

እህቴ፣ ሦስተኛውን ከአሁኑ ሰርዢው። 48ቱ ያለው ካርቶኑ ላይ እንጂ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ላይ አይደለም። እነዚህ ስም የለሽ ካሜራዎች ውስጥ የሚገባው የርካሽ ስልክ ሴንሰር ነው፤ ወርዱ 5 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ያነሳውን ሶፍትዌሩ ለጥጦ 48 ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ያልታየ ነገር አይጨምርም። ዙሙም ሌንሱ ሳይንቀሳቀስ ፎቶውን ቆርጦ ማጉላት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ሲንቀሳቀስ በዚያ ካነሳሽ ከአሁኑ ስልክሽ ያነሰ ነገር ነው የምታገኚው።

የሁለቱ ካኖኖች ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለቱም 18 ሜጋፒክስል ናቸው። ይህ 5184 በ3456 ነጥብ ማለት ነው፤ ኤ3 የሚያህል ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ይታተማል። ለግድግዳ ፎቶም ለአልበምም ከዚህ በላይ አያስፈልግሽም።

በሁለቱ መካከል የእኔ ምርጫ 700ዲ ነው፣ ጤነኛ ከሆነ። የወጣበት ዓመት አያታልልሽ። 700ዲ የ2013፣ 4000ዲ የ2018 ነው፤ ነገር ግን 4000ዲ የካኖን ርካሹ እንዲሆን ተብሎ ብዙ ነገር ተነሥቶለታል። ሌንስ የሚታሰርበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው። ስክሪኑ 2.7 ኢንች ሆኖ ደብዛዛ ነው፣ ፎከስ መያዙን በእሱ አጉልቶ ማረጋገጥ ያስቸግራል። ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ በራሱ የሚያራግፍበት ዘዴ የለውም። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ደግሞ የዓይን ማያውን የምታስተካክለዋ ትንሽ ጎማ የለችም።

ለሥራ ላሰበ ሰው ግን ትልቁ ጉድለት ፍላሹ ላይ ነው። ከላይ ፍላሽ የሚሰካበትን ቦታ ተመልከቺ፦ በሌሎች ካሜራዎች መሐሉ ላይ ከፍ ብላ የምትታይ አንዲት ክብ ነጥብ አለች። 4000ዲ ላይ የለችም፤ 2000ዲም ያው ነው። ርካሾቹ ማንዋል ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሹን ከርቀት የሚያስተኩሱት) የሚተኮሱት በዚያች ነጥብ በኩል ስለሆነ ገዝተሽ ትሰኪውና ዝም ይልሻል። በኋላ ለካኖን ተብሎ የተሠራ ውድ ፍላሽ ለመግዛት ትገደጃለሽ። ሻጮች ይህን አይነግሩሽም፤ ብዙዎቹ ራሳቸውም አያውቁትም።

700ዲ ቀለበቱ ብረት ነው፣ ስክሪኑ ይዞራል፣ በጣት ይነካል፣ የማይክ መሰኪያ አለው። ዘጠኙም የፎከስ ነጥቦቹ ክሮስ ታይፕ የሚባሉት፣ በአግድምም በቁልቁልም የሚይዙት ናቸው፤ 4000ዲ ላይ እንደዚያ የሆነችው የመሐሏ ብቻ ናት፣ ስለዚህ ደብዘዝ ባለ ቤት ውስጥ የጎኖቹ ነጥቦች ፎከስ ፍለጋ ይዋዥቃሉ። በተከታታይ ሲተኮስ 700ዲ በሰከንድ 5 ያነሳል፣ 4000ዲ 3። ሌንሱንም አንብቢ፦ ከ700ዲ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ «አይኤስ ኤስቲኤም» ሲሆን የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል። ከ4000ዲ ጋር የሚሸጠው ባለ «III» ምልክቱ ያ ነገር የለውም።

ሸዋ ሮቢት ታች

ጠባሴ ያለው ልክ ነው፤ ግን ኒኮን ዲ3300 ካገኘሽ አትለፊው። 24 ሜጋፒክስል ነው፣ የማይክ መሰኪያ አለው፣ በአንድ ቻርጅ 700 ፎቶ ገደማ ያነሳል (700ዲ 440 ነው)። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጠንቀቅ ያለብሽ ሌንሱ ላይ ነው። የዲ3000 ቤተሰብ በሙሉ ባዲው (የካሜራው አካል) ውስጥ የፎከስ ሞተር ስለሌለው «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ሌንስ ግዢ። «ኤኤፍ-ዲ» የሚለው አሮጌው ርካሽ 50 ቢገጠምም ፎከሱን በእጅ ነው የምታዞሪው። ዲ3200 ከሆነ ደግሞ አዲሶቹ «ኤኤፍ-ፒ» ሌንሶች በአውቶ አይሠሩበትም።

ፎቶውን ወዲያው በስልክ ለደንበኛ መላክ የምትፈልጊ ከሆነ 700ዲ ዋይፋይ የለውም። ካኖን 1300ዲ አለው፣ የፍላሽ ነጥቧም አለችው። ለ700ዲ ግን ስልክ ላይ የሚሰካ የካርድ ማንበቢያ ይበቃል።

የመሐል ሜዳ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ 700ዲ አዘንብያለሁ። ሻጩ ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ አንዴ ሄጄ አይቼ መወሰን አለብኝ፣ ከተመለስኩ በኋላ መጨቃጨቅ አይሆንልኝም። ምን በምን ቅደም ተከተል ልፈትሽ? ደግሞ ሁሉም «50 ኤፍ 1.8 ሌንስ ግዢ» ይለኛል፤ እሱን ከገዛሁ 18-55ቱን ልተወው?

አሮጌ ፎቶ ቤት

ልጄ፣ ስትሄጂ የራስሽን ኤስዲ ካርድ፣ የስልክ ባትሪ መብራትና አንድ ጋዜጣ ይዘሽ ሂጂ። በቀን ሂጂ፣ ሱቅ ውስጥ ብቻ አትይው፣ በረንዳ ላይ አውጪው። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ አለ።

ሳትከፍቺው ብሎኖቹን እዪ። የብሎን አናት የተበላ ወይም ቀለሙ የተላጠ ከሆነ ተፈትቷል። ማዕዘኖቹ ላይ የተጨፈለቀ ምልክት ካለ ወድቋል። የባትሪውን በር ክፈቺ፤ ባትሪው በራሱ ካልወጣና መጎተት ካስፈለገው አብጧል፣ ከዋጋው ላይ ይቀነስ። የ700ዲ ባትሪ ኤልፒ-ኢ8 ነው፤ የ1300ዲና የ4000ዲ ኤልፒ-ኢ10 አይገባበትም፣ ስለዚህ «ተጨማሪ ባትሪ አለው» ሲሉሽ አስገብተሽ እዪ። ስሙ «ሬብል ቲ5አይ» ወይም «ኪስ ኤክስ7አይ» ቢል አትደንግጪ፣ ያው 700ዲ ነው፤ የመጀመሪያው የአሜሪካ፣ ሁለተኛው የጃፓን ገበያ ስሙ ነው። «ኪስ» የሚለው ከሆነ ሜኑው ወደ እንግሊዝኛ መዞሩን ቀድመሽ አረጋግጪ። የአሜሪካው ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተጽፎ ካየሽ መሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ትራንስፎርመር አትግዢ።

ሌንሱን ፍቺና ከኋላ በኩል የስልክ መብራት አብርተሽ ከፊት በሰያፍ እዪው። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ምንም አይደለም፣ ሁሉም ሌንስ ላይ አለ። የሸረሪት ድር ወይም የዛፍ ሥር የመሰለ ነጭ ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ አትግዢው። ሻጋታው መስታወቱን የቀባውን ሽፋን ይበላል፣ ቢጸዳም ጠባሳው ይቀራል። ዙሙን ከ18 እስከ 55 ቀስ ብለሽ አዙሪው፤ አሸዋ እንደገባበት ቅርቅር ካለ ገብቶበታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሴንሰሩ። ኤቪ (የሌንሱን ቀዳዳ አንቺ የምትመርጪበት) ላይ አድርገሽ ኤፍ 22 (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ፎከሱን ወደ ማንዋል ቀይረሽ አደብዝዢውና ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሺ። እጅሽ ቢንቀሳቀስም ችግር የለም፣ የምትፈልጊው ግድግዳው ሳይሆን ነጠብጣቡ ነው። አጉልተሽ ከዳር እስከ ዳር ሂጂበት። ክብ ግራጫ ነጠብጣብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ጫፉ የሰላ መስመር ከሆነ ጭረት ሊሆን ይችላል፤ በኤፍ 22 ታይቶ ከዚያ በኤፍ 8ም ካልጠፋ ተዪው። ከዚያ የሌንሱን ክዳን ዘግተሽ ለ2 ሰከንድ በአይኤስኦ 800 አንሺ፤ ሁለት ሦስት ቀይ ወይም ሰማያዊ ነጥብ ቢታይ አያሳስብም፣ ሰማይ ሙሉ ኮከብ ከመሰለ ግን አይሆንም።

ሻተሩ (ሴንሰሩ ፊት የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ላይ ዋናው ፈተና ፍጥነቱ ነው። ቲቪ (የሻተሩን ፍጥነት አንቺ የምትመርጪበት) ላይ አድርገሽ በ1/4000 ሰከንድ ደማቅ ሰማይ አንሺ፣ አሥር ያህል ደጋግሚ። ከላይ ወይም ከታች ጥቁር ባንድ ከመጣ ሻተሩ እየደከመ ነው። «ኢረር 30» ካለ የሻተር ችግር ነው፣ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ። «ኢረር 01» ግን ብዙ ጊዜ ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚገናኝባቸው የብረት ነጥቦች ስለቆሸሹ ነው፤ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠርገሽ እንደገና ሞክሪ። የተነሳበትን ብዛት ከፋይል ቁጥሩ አትገምቺ፣ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ስለሚጀምር ምንም አያስረዳም። ካኖን እውነተኛውን ቁጥር ፎቶው ውስጥ አያስቀምጥም፣ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በፕሮግራም ነው የሚነበበው፤ ኒኮን ግን ፎቶው ውስጥ ይጽፈዋል። የዚህ ደረጃ ሻተር የሚጠበቅበት 100,000 ያህል ነው። 30,000 ጥሩ ነው፣ 80,000 ከሆነ ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት።

ጋዜጣውን አሁን አውጪው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ በሰያፍ ቁጭ ብለሽ፣ ዙሙን 55 ላይ፣ ኤፍ 5.6፣ በመሐለኛዋ ነጥብ አንድ ርዕስ ላይ ፎከስ አድርጊ። ጥርት ያለው ርዕሱ ሳይሆን ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው መስመር ከሆነ ካሜራው ወይም ሌንሱ ፎከሱን ይስታል። 700ዲ ላይ ይህን በሜኑ ማስተካከያ የለም፣ ስለዚህ በሌላ ሌንስ ሞክሪና ማን እንደሳተ ለዪ።

ከመክፈልሽ በፊት እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኚ፣ ስክሪኑን አራቱንም ጠርዝ በጣትሽ ንኪ፣ ስታዞሪው መብራቱ ብልጭ ድርግም አለማለቱን እዪ። ማጠፊያው ውስጥ ያለው ሪባን ኬብል ሲደክም ምልክቱ ያ ነው።

ጠባሴ

ጋሼ ጨርሰውታል። ስለ 50ው ልመልስ።

18-55ቱን አትተዪው፣ ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። 18-55 ወደ 55 ስትስቢው ኤፍ 5.6 ነው፤ 50 ኤፍ 1.8 በአንጻሩ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። አንድ አምፖል ባለበት ሳሎን ውስጥ 18-55 አይኤስኦ 6400 ሲጠይቅሽ 50ው ከ800 በታች ይሠራል። ልዩነቱ ፎቶው አሸዋ የተረጨበት መምሰሉና አለመምሰሉ ነው። የ2015ቱን ኤስቲኤም ምረጪ፤ ቀለበቱ ብረት ነው፣ እስከ 35 ሴንቲሜትር ድረስ ቀርቦ ያነሳል።

ግን 50 በዚህ ሴንሰር ላይ ጠበብ ይላል። የቆመ ሰው ከራስ እስከ እግር ለማስገባት ከ4 ሜትር በላይ ወደ ኋላ መሄድ አለብሽ፤ ለክርስትና እንግዳ የሞላበት ቤት ውስጥ ይህ ቦታ የለም። ቤተሰቡን በ18-55፣ ሕፃኑንና እናቱን በ50ው አንሺ።

ጀማሪ ሁሉ በ50ው የሚወድቅበት ቦታ ይኸው፦ ኤፍ 1.8 ላይ ከ3 ሜትር ርቀት ጥርት የሚለው ውፍረት 25 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። የፊተኛው ረድፍ ጥርት ብሎ ከኋላ የቆሙት አያት ይደበዝዛሉ። ሁለት ሦስት ረድፍ ከሆነ 5 ሜትር ያህል ራቂ፣ ኤፍ 5.6 አድርጊ፣ ፎከሱን የፊተኛው ረድፍ መሐል ላይ ያዢ፤ 2 ሜትር ያህል ውፍረት ታገኛለሽ።

የነጭ ልብስ ነገርም አለ። ነጠላና ጋቢ ፍሬሙን ሲሞሉት ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፣ ፊት ይጠቁራል። ኤቪ ላይ ሆነሽ የብርሃን ማካካሻውን ወደ +2/3 ወይም +1 አድርጊ። ኤም (ሁሉን በእጅ የምትወስኚበት) ላይ አይኤስኦ አውቶ ካደረግሽ 700ዲ ማካካሻውን አይቀበልሽም፤ ያኔ አይኤስኦውን በእጅሽ ወስኚ። የጥልፉ ነጭ እንዳይጠፋ ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አንሺ፤ አንዱ 25 ሜጋባይት ገደማ ነው። ውጭ ሲሆን ከ4 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ሽሺ። በእኛ ደጋ ያ ብርሃን ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ግድ ከሆነ በረንዳ ጥላ ውስጥ አስገቢያቸውና ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙሪው።

ፍላሽ ስትገዢ ወደ ጣሪያ አንጥሪ የሚሉሽ ጣሪያው ነጭ ሲሆን ነው። ጭስ ያጠቆረው ጣሪያ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። 2 ሜትር አቡጀዲ በጎን በኩል ዘርግተሽ ወደ እሱ አንጥሪ።

ለጭላዳ አሁን አትቸኩዪ። ሲደርስ ዩዝድ 55-250 አይኤስ ኤስቲኤም ፈልጊ። 75-300 ርካሽ ሆኖ ይታያል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የለውም፣ 300 ላይም ይደበዝዛል። በጓሳ ንፋስ ያለ መከላከያ በ300 ለማንሳት ቢያንስ 1/500 ያስፈልግሻል። ቀይ ቀበሮ ካሰብሽ 250ም ያንሳል።

ጣርማበር ጉም

የተረሳውን ልጨምር፣ ብርዱን። ካሜራ የሚበላሸው ጉም ውስጥ ስትወጪ ሳይሆን ስትመለሺ ነው። ከጓሳ ወይም ከጣርማበር ቀዝቅዞ የመጣ ካሜራ እሳት የነደደበት፣ ቡና የሚፈላበት ቤት ሲገባ የክፍሉ እንፋሎት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ይቀመጣል፤ ሌንሱ ያልበዋል፣ ውስጡም ጭምር። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማበር 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋ ሮቢት በመኪና ስትወርጂም ያው ነው። መፍትሔው፦ ውጭ ሳለሽ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስገብተሽ አፉን አጥብቀሽ እሠሪው፣ ቤት ገብተሽ አንድ ሰዓት ያህል አትክፈቺው። ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ካርዱን ቀድመሽ ውጭ አውጪው፣ ያለዚያ ፎቶውን ለማየት ስትቸኩዪ ትከፍቺዋለሽ።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ባትሪ ቶሎ «አለቀ» ይላል። ሁለተኛውን ባትሪ የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዢ፤ ያለቀው ሲሞቅ መለስ ይላልና አትጣዪው። ኦሪጅናል ያልሆነ ባትሪ ብርድ ላይ ግማሽ እያሳየ ድንገት ይጠፋል፤ ለሠርግና ለክርስትና በእሱ ብቻ አትመኪ።

በሐምሌና በነሐሴ ካሜራውን ሣጥን ውስጥ ልብስ መሐል አትቅበሪው። ሻጋታ የሚወደው ጨለማ፣ እርጥበትና አየር የማይገባበት ቦታ ነው፣ የቆዳ ቦርሳም እርጥበት ይይዛል። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን የሲሊካ ከረጢቶች ሰብስበሽ አብረሽ አስቀምጪ፤ በየጊዜው ቀይሪያቸው፣ አንዴ እርጥበት ከጠገቡ ካልደረቁ በቀር ጥቅም የላቸውም። ሩዝ የሚሉሽን አትስሚ፣ ዱቄቱ ዙሙ ውስጥ ይገባል።

ሸዋ ሮቢት ታች

ካርዱንም ከሻጩ «ምርቃት» ብለሽ አትቀበዪ። ፎርጅድ ካርድ 64 ጊጋ ይልሻል፣ ውስጡ 8 ይሆናል፤ 8ቱ እስኪሞላ ደህና ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ የምታነሺው ፋይሉ ይታያል እንጂ አይከፈትም። ይህን የምታውቂው ክርስትናው ካለቀ በኋላ ነው። ኮምፒውተር ካለ «ኤች2ቴስትደብሊው» (H2testw) በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን አስጽፈሽ አስነብቢው። ከሌለ ስልክሽ ላይ ሰክተሽ ትላልቅ ቪዲዮዎችን እስኪሞላ ገልብጪበትና የመጨረሻዎቹን ከፍተሽ እዪ። ከአንድ 128 ይልቅ ሁለት 32 ያዢ፣ «ክላስ 10» ወይም «ዩ1» የሚል። ፎርማት ሁልጊዜ ካሜራው ውስጥ፤ ቀይዋ መብራት ሳትጠፋ የባትሪውን በር አትክፈቺ።

ቪዲዮም ስትጀምሪ ሲስተሙን ከ«ኤንቲኤስሲ» ወደ «ፓል» ቀይሪው፣ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ስለሆነ በ30 ፍሬምና በ1/60 ካነሳሽ ፍሎረሰንቱ ቪዲዮው ላይ ይርገበገባል።

የመሐል ሜዳ ልጅ

ጋሼ፣ ጋዜጣውን ይዤ ቅዳሜ እወርዳለሁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ፦ ሻጩ ኮምፒውተር ከሌለው የሻተሩን ቁጥር እንዴት ላውቅ?

አሮጌ ፎቶ ቤት

ሰው ላፕቶፕ ይዞ ካልሸኘሽ፣ በቁጥሩ ፋንታ ልባሱን አንብቢ። የቀኝ እጅ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎማና የመተኮሻዋ ቁልፍ አናት ከሌላው አካል ይልቅ አብለጭልጮ ከሆነ ብዙ ሠርቷል። የሌንስ ቀለበቱ ብረት ላይ ክብ የጭረት ቀለበት በርክቶ ካየሽ ሌንስ ሲቀያየርበት የኖረ የሥራ ካሜራ ነው፤ «ብዙ አልተነሳበትም» የሚለውን አትመኚ፣ ዋጋውን እንደ 80,000 ቆጥረሽ ተከራከሪ።